ለአንደኛው ሳጥን የጠፋ ክሮስኦቨር፦ የአንድ ጥገና ሙሉ ጉዳይ ከባሕር ዳር

አሮጌ ስፒከር ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዉፈሩ ወይም ስለ ትዊተሩ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ተደብቆ ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈሩ፣ ቀጭኑን ለትዊተሩ ስለሚያካፍለው ክሮስኦቨር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሲበላሽ ወይም ሲጠፋ ደግሞ ቀላሉ መፍትሔ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ዝግጁ ቦርድ ገዝቶ መግጠም ይመስላል። ቦርዱ ርካሽ ነው፤ የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ ተጽፎበታል፤ ሲገጠምም ድምፅ ይወጣል። ይህን ጉዳይ ከሥር እስከ ጫፍ የምጽፈው ድምፅ መውጣቱ ብቻውን ምንም ማረጋገጫ እንዳልሆነ በቁጥር ስለሚያሳይ ነው። ትክክለኛውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቃም አዲስ አበባ ሳይላክ፣ ውጭ አገር ሳይታዘዝ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ከቬንትሌተር መለዋወጫ ሱቅና ከዲናሞ ጠቅላይ ቤት ይገኛል።

ስፒከሮቹና ቅሬታው

ባለቤቱ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሠፈር የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስፒከሮቹ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተገዙ ጀርመን ሠራሽ ግሩንዲግ ናቸው፤ በየሳጥኑ አንድ ባለ 8 ኢንች ዉፈርና አንድ የወረቀት ትዊተር አለ። የሽቦው ጫፍ በጀርመኑ የዲን ደረጃ የተሠራ ሶኬት ነው፤ አንዱ እግሩ ክብ፣ አንዱ ጠፍጣፋ፤ ክቡ ፖዘቲቭ፣ ጠፍጣፋው ኔጌቲቭ። ከጀርባ ያለው ሰሌዳ 4 ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው የተቃውሞ ልክ) ይላል። የዚያ ዘመን የጀርመን ዕቃ አብዛኛው እንዲሁ 4 ኦም ነው። ይህ ቁጥር ኋላ ይመለሳል።

ጋሼ ቅሬታቸውን ሲነግሩኝ አንድም የቴክኒክ ቃል አልተጠቀሙም፤ ግን ከዚያ የተሻለ መግለጫ ከባለሙያም አልሰማሁም። «ልጄ፣ ዘፋኙ ወደ ግራ ሄደብኝ» አሉ። «ድሮ ከሁለቱ መሐል ነበር የሚቆመው። አሁን ማሲንቆው እንኳ ለሁለት ተከፍሏል፤ ሆዱ ቀኝ፣ የጭራው ድምፅ ግራ ነው።» ከዚህ በፊት ያየላቸው ባለሙያ ዕድሜ ነው ብሏቸው ነበር። እርሳቸው ግን የራዲዮና የካሴት ድምፅ ሲያዳምጡ የኖሩ ሰው ናቸውና አላመኑም።

ድምፅ ከሁለት ሳጥን እኩል ሲወጣ ጆሮ የሚሰማው ከመሐል ነው። ቀኙ ሳጥን በሰው ድምፅ ክልል ውስጥ የሆነ ነገር ከጎደለው፣ በዚያ ክልል ያለው ሁሉ ወደ ግራ ይሳባል፤ ሌላው ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ጋሼ የነገሩኝ ከፊሉ ድምፅ እንደሄደና ከፊሉ እንደቀረ ነው። ይህ የዕድሜ ምልክት አይደለም። ዕድሜ ቢሆን ሁለቱም አብረው ባረጁ ነበር።

መጀመሪያ የተፈተሸው

ክሮስኦቨርን ከመጠርጠር በፊት ስፒከሮቹን ራሳቸውን ማጥራት ያስፈልጋል። ሽቦዎቹ ተነቅለው በቴስተር ሲለኩ ሁለቱ ዉፈሮች 3.4 እና 3.3 ኦም፣ ሁለቱ ትዊተሮች ሁለቱም 3.5 ኦም አነበቡ። በስም 4 ኦም የሆነ ስፒከር በዲሲ ሲለካ ከ4 ትንሽ ዝቅ ማለቱ ትክክል ነው። የዉፈሮቹ ጠርዝ ጨርቅ ስለሆነ እንደ ስፖንጁ አልተበላም። በ1.5 ቮልት ድንጋይ ተነክተው ሁለቱም ወደ ውጭ ገፉ። ከሐይቁ እርጥበት የተነሳ ተርሚናሎቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ነበር፤ እሱን መጥረግ አስቸጋሪ አልሆነም። ስፒከሮቹ ደኅና ናቸው።

ከዚያ ሁለቱም ሳጥኖች ተከፈቱ፤ ነገሩም ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ። ግራው ውስጥ የፋብሪካው ክሮስኦቨር እንዳለ አለ። ቀኙ ውስጥ ግን ያ የለም፤ በምትኩ ዝግጁ ቦርድ ተገጥሟል። አሮጌው ተነቅሎ ተጥሏል። ቦርዱ ላይ የታተመው ጽሑፍ ለሁለት ስፒከር፣ ከ4 እስከ 8 ኦም፣ መለያው (ድምፁ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ) 3,200 ሄርዝ ይላል።

በዝግጁው ቦርድ ላይ ያለው ችግር

ይህን ክፍል ማንም የስፒከር ጠጋኝ በጥሞና እንዲያነበው እፈልጋለሁ፤ እንዲህ ያለ ቦርድ በየሱቁ ሞልቷልና።

ቦርዱ ላይ ያሉት ዕቃዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ከትዊተሩ ጋር በሲሪስ (በአንድ መስመር ተከታትሎ) የገባ 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ እና ከዉፈሩ ጋር በሲሪስ የገባች 0.2 ሚሊሄንሪ ትንሽ ኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ)። ማይክሮፋራድ የካፓሲተር፣ ሚሊሄንሪ የኮይል መጠን መለኪያ ነው። ካፓሲተር ቀጭኑን ያሳልፋል፤ ወፍራሙን ይከለክላል። ኮይል የዚህን ተቃራኒ ይሠራል። የት ላይ መከልከል እንደሚጀምሩ ግን የሚወስነው የእነሱ መጠን ብቻ ሳይሆን ከፊታቸው ያለው ስፒከር ኦም ጭምር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ለካፓሲተሩ 159,000ን በኦሙና በማይክሮፋራዱ ብዜት ማካፈል ነው። ለኮይሉ 159ን በኦሙ አባዝቶ በሚሊሄንሪው ማካፈል ነው። ሁለቱም መልስ የሚሰጡት በሄርዝ ነው።

በጋሼ ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ እናስላው። ትዊተሩ የሚጀምረው ወደ 8,500 ሄርዝ አካባቢ ነው። ዉፈሩ የሚያቆመው ወደ 3,200 ሄርዝ አካባቢ ነው። በመካከላቸው ከአንድ ኦክታቭ (የሄርዙ ቁጥር እጥፍ ከሚሆንበት ርቀት) በላይ የሆነ ክልል አለ፤ ዉፈሩ እየለቀቀው፣ ትዊተሩ ገና ሳይረከበው። ሰ፣ ሸ፣ ጸ የሚባሉት የሚያፏጩ የንግግር ድምፆችና የማሲንቆ ጭራ ፍትጊያ ትልቁ ጉልበታቸው ያለው እዚሁ አካባቢ ነው። ጋሼ የጭራው ድምፅ ግራ ነው ያሉት ለዚህ ነው።

ቦርዱ 8 ኦም ስፒከር ላይ ቢገጠምስ? ትዊተሩ ወደ 4,200 ሄርዝ ይወርዳል፤ ዉፈሩ ወደ 6,400 ይወጣል። አሁን ደግሞ ተደራረቡ ማለት ነው። ኦሙ በእጥፍ ሲለወጥ አንዱ ሲወርድ አንዱ ይወጣል፤ አንድ ላይ አይሄዱም። ስለዚህ አንድ ቦርድ ለ4ም ለ8ም ኦም በአንድ የመለያ ቁጥር ሊሠራ አይችልም። ጥራቱ ከፍ ቢል፣ ዋጋው ቢጨምር፣ ካፓሲተሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ስሌቱ አይለወጥም።

ይህን በወረቀት ብቻ ላለመተው ለካሁት። ሁለቱም ሳጥኖች እኩል 2 ቮልት እየገባላቸው በ5,000 ሄርዝ የግራው ትዊተር አፍ ላይ 1.7 ቮልት፣ የቀኙ ላይ 1.0 ቮልት ተገኘ። ጋሼን ጠርቼ ቴስተሩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ደጋግመው ካዩ በኋላ «እንግዲህ ጆሮዬ አልዋሸም» አሉ።

ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ከጀርመን ያገለገለ የፋብሪካ ክሮስኦቨር ማስመጣት ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ የማይቻል አይደለም። እኔ ግን አልመከርኩም፤ ዋናው ምክንያቴም ዋጋው አይደለም። የሚመጣው ቦርድ እዚህ ካለው ጋር እኩያ ነው፤ ላዩ ላይ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ (ውስጣቸው ፈሳሽ ያለባቸው፣ ሲያረጁ የሚደርቁ) ካፓሲተሮችም ከ40 ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። የሞተ ለማዳን ሌላ ሊሞት የተቃረበ ማስመጣት ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ በመጽሐፍ ቀመር አዲስ መሥራት ነው። ለ4 ኦም፣ በ2,500 ሄርዝ፣ በእያንዳንዱ ወገን አንድ ካፓሲተርና አንድ ኮይል ላለው የተለመደ ክሮስኦቨር ቀመሩ የሚሰጠው ወደ 11 ማይክሮፋራድና 0.36 ሚሊሄንሪ ነው፤ ለዉፈሩም ለትዊተሩም ያው። ነገር ግን ቀመሩ ስፒከሩን በሁሉም ድምፅ ላይ 4 ኦም ሆኖ እንደሚጸና ሬዚስተር ይቆጥረዋል። እውነተኛ ዉፈር እንዲያ አይደለም። ወፍራሙ ጋ ኦሙ ዘሎ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ከዚያ ቮይስ ኮይሉ (የስፒከሩን ወረቀት የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል) ራሱ ኮይል ስለሆነ ወደ ላይ እየጨመረ ይሄዳል። ፋብሪካው ይህን ለክቶ ነው መጠኖቹን የመረጠው።

ሦስተኛው መንገድ ከግራው መቅዳት ነው። ግራው እያለ ሌላውን መንገድ መፈለግ ለእኔ ትርጉም አልነበረውም።

ግራውን ማንበብ

ከግራው ሳጥን የወጣው ቦርድ አምስት ዕቃ ነበረው። ለዉፈሩ፦ በሲሪስ በፌራይት (ብረት አዘል በሆነ ዘንግ) ላይ የተጠቀለለ 0.82 ሚሊሄንሪ ኮይል፣ ከኮይሉ በኋላ በዉፈሩ ላይ በፓራለል (ጎን ለጎን) 15 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። ለትዊተሩ፦ በሲሪስ 10 ማይክሮፋራድ፣ ከእሱ በኋላ በፓራለል 0.33 ሚሊሄንሪ ኮይል፣ ትዊተሩ አፍ ላይ በሲሪስ 1 ኦም የሽቦ ሬዚስተር። ከቀመሩ ጋር አስተያዩት። የትዊተሩ ወገን ከቀመሩ ብዙም አልራቀም፤ የዉፈሩ ኮይል ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ፋብሪካው የዉፈሩን ጠባይ ያረመው በዚህ ነው፤ በቀመር የሠራ ሰው ይህን በምንም አያገኘውም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ።

አንደኛው፣ ካፓሲተሮቹን ለክቶ የተገኘውን ቁጥር መቅዳት ነው። አንድ እግራቸው ተነቅሎ ሲለኩ 10 የተባለው 13.1፣ 15 የተባለው 17.8 ማይክሮፋራድ አነበቡ። ኤሌክትሮሊቲክ ሲያረጅ በውስጡ ኤሌክትሪክ ያፈስሳል፤ ስለዚህ ሜትሩ ላይ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛ መጠኑ በላይ ያሳያል፤ የውስጥ ሬዚስታንሱም ይጨምራል። መቀዳት ያለበት ላዩ ላይ የታተመው ነው። ኮይል ግን የሚደርቅ ነገር የለውም። የተለካውን መቅዳት ይቻላል፤ ይገባልም።

ሁለተኛው የትዊተሩ ሽቦ ነው። ግራው ላይ የትዊተሩ ፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቩ መስመር ነው የገባው። ይህን ያየ ጠጋኝ የፋብሪካ ስህተት መስሎት ሊያስተካክለው ይችላል። አይነካ። በእያንዳንዱ ወገን ካፓሲተርና ኮይል ያለው ክሮስኦቨር በመለያው ቦታ ላይ ሁለቱን ድምፆች በግማሽ ዙር ያራርቃቸዋል፤ ዉፈሩ ሲገፋ ትዊተሩ ይስባል። ትዊተሩ ካልተገለበጠ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ በ2,000 ሄርዝ አካባቢ ቀጭን ድምፅ ለቅቆ የትዊተሩን ሁለት ሽቦዎች እየቀያየሩ መስማት ይበቃል። በፋብሪካው አገባብ ድምፁ ይሞላል፤ ሲገለበጥ በግልጽ ይቀንሳል። በግራው ሳጥን ላይ ይህንኑ አደረግን፤ ልዩነቱ ሌላ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሰው እንኳ ይሰማ ነበር።

ኮይል መለኪያ ሜትር የሌለው ሰው አይቸገር። ኮይሉን መጠኑ ከታወቀ ፊልም ካፓሲተር (በፈሳሽ ፋንታ ውስጡ ፕላስቲክ ፊልም ከሆነ) ጋር በሲሪስ አገናኝቶ፣ አንድ 10 ኦም ሬዚስተር አስቀድሞ፣ ከስልክ የቶን አፕ በአምፕሊፋየር በኩል ድምፅ እየለቀቁ፣ በኮይሉና በካፓሲተሩ ጥንድ ላይ ያለው ቮልት የሚወርድበትን ቦታ መፈለግ ነው። እዚያ ላይ 25.33ን በፍሪኩዌንሲው ስኩዌርና በማይክሮፋራዱ ብዜት ማካፈል ነው፤ ፍሪኩዌንሲው በኪሎሄርዝ ነው። በ10 ማይክሮፋራድ 2.77 ኪሎሄርዝ ላይ የወረደ ኮይል 0.33 ሚሊሄንሪ ነው።

ካፓሲተር ከቬንትሌተር ሱቅ

ለስፒከር የሚሆነው ካፓሲተር ፖላሪቲ የሌለው ነው። ተራው ኤሌክትሮሊቲክ፣ ፕላስና ማይነስ ያለው፣ ብቻውን አይሆንም። ሁለቱን ማይነስ ለማይነስ አገናኝቶ መጠቀም ይቻላል፤ ሁለት 22 ማይክሮፋራድ እንዲያ ሲገናኙ 11 ይሆናሉ። ሌላ ከጠፋ ያገለግላል። ግን ከዓመታት በኋላ ያው ይደርቃል።

ባሕር ዳር ግን የተሻለ አላት። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ሲበረታ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቤት ያለ ቬንትሌተር አይቻልም፤ የጣሪያ ቬንትሌተር ደግሞ ሲበላሽ ቶሎ የሚሄደው ካፓሲተሩ ነው። ስለዚህ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ይዞታል። ሲቢቢ 61 የተባለው አራት ማዕዘኑ ጥቁር ካፓሲተር ውስጡ ፖሊፕሮፒሊን ፊልም ነው፤ ፖላሪቲ የለውም፤ 450 ቮልት ኤሲ ይችላል። ለስፒከር ሥራ ከሚፈለገው በላይ ነው። ለውሃ ዲናሞ የሚሆነው ክቡ ነጩ ሲቢቢ 60ም ያው ዓይነት ነው፤ መጠኑ ብቻ ይተልቃል። በፓራለል ሲገናኙ ይደመራሉ። 10 ከሁለት 5 ይወጣል፤ 15 ከአንድ 12 እና ከአንድ 3 ይወጣል።

አንድ ጥንቃቄ፦ የዲናሞ ማስነሻ የሚባለው ጥቁር ወፍራም ካፓሲተር ኤሌክትሮሊቲክ ነው። የሚፈለገው ሁልጊዜ አብሮ የሚሠራው ነው። ከተቃጠለ ዲናሞ የተነቀለ አሮጌም አይገዛ፤ ፊልሙ በየጊዜው ቀዳዳውን ራሱ እየጠገነ መጠኑ ይቀንሳልና። ባለሱቁ ቆጣሪው ላይ ደርድሮልኝ አንድ በአንድ ለካሁ። 5 ከተባሉት 4.8 የሚያነብም 5.1 የሚያነብም ነበር። አንዱን ካነሰው አንዱን ከበዛው አጣምሬ ለግራም ለቀኝም የ10ሩ ድምር 9.9 እንዲሆን መረጥኩ። ሁለቱ ሳጥኖች በ10 መጽናታቸው ሳይሆን እርስ በርስ እኩል መሆናቸው ነው ዘፋኙን መሐል የሚያቆመው።

እዚህ ላይ ጋሼ ጠየቁኝ፤ ግራው ደኅና ሆኖ ሳለ ለምን ይነካል? መልሴ ከላይ ያለው 13.1 ነው። ግራው ከቀኙ ይሻላል እንጂ ደኅና አልነበረም። የግራው ሁለት ካፓሲተሮችም አብረው ተቀየሩ።

ኮይሉ

ብዙ ሰው የሚፈራው ኮይሉን ነው፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ እሱ ነው። ከገበያው አጠገብ ዲናሞ እንጠቀልላለን የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ቤት ሄድኩ። የወፍጮ ዲናሞ፣ የውሃ ዲናሞ፣ የብየዳ ትራንስፎርመር የሚጠቀልል ወጣት ነው፤ 1 ሚሊሜትር ኤናሜል መዳብ ሽቦ በኪሎ ይሸጣል፤ ዙር የሚቆጥር የእጅ ማጠቅለያም አለው።

ፌራይቱን ትቼ ያለ ብረት፣ በባዶ ቱቦ ላይ ለመጠቅለል ወሰንኩ። ፌራይት ሽቦ ይቆጥባል፤ ግን መጠኑ በሚገኘው ፌራይት ዓይነት ይወሰናል፤ ድምፁ ሲበዛም ሊሞላና ኮይሉ ሊዳከም ይችላል። ባዶው ግን በስሌት ይገኛል። ሃሮልድ ዊለር እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው ቀመር በሴንቲሜትር ሲጻፍ እንዲህ ነው፦ 0.315ን በአማካይ ራዲየሱ ስኩዌርና በዙሩ ስኩዌር ማባዛት፤ ከዚያ ለ6 እጥፍ ራዲየስ፣ ለ9 እጥፍ ርዝመትና ለ10 እጥፍ የጥቅሉ ውፍረት ድምር ማካፈል። መልሱ በማይክሮሄንሪ ነው። መጠቅለያው 32 ሚሊሜትር የሆነ የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ፣ በሁለት የኮምፖርሳቶ ክብ መካከል 2.5 ሴንቲሜትር ክፍተት ያለው። በዚህ ላይ 0.82 ሚሊሄንሪ ወደ 166 ዙር፣ 0.33ቱ ወደ 108 ዙር ይጠይቃል። ለትልቁ ኮይል ሽቦው 21 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 150 ግራም ያህል፣ ሬዚስታንሱ 0.46 ኦም ነው። የፋብሪካው ኮይል 0.4 ኦም ስለሆነ ተቀራረቡ። ቀጭን ሽቦ ቢሆን ኖሮ ሬዚስታንሱ ይበዛና ወፍራሙ ድምፅ ይላላ ነበር።

ወጣቱ ቁጥሮቹን ካየ በኋላ «ዲናሞ ከተሳሳትኩ ሲነድ አየዋለሁ፤ የዚህን ስህተት በምን አውቃለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ሜትሩ ነበር። ከስሌቱ ጥቂት ዙር አስበልጠን ጠቀለልን፤ ሜትሩን ጫፎቹ ላይ አድርገን ዙር እየፈታን እስከ 0.82 ወረድን። በዚያ መካከል እሱ ካቻቢቴውን በቱቦው ቀዳዳ ውስጥ ሰደደው፤ ቁጥሩ ወዲያው ዘለለ። አወጣው፤ ተመለሰ። ደግሞ አስገባው። ከዚያ በኋላ ኮይሉን ለምን በብረት ብሎን እንዳላሰርኩት መንገር አላስፈለገኝም፤ ራሱ የፕላስቲክ ማሰሪያ ፈልጎ ሰጠኝ። ለሥራው ያለው አክብሮት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተለየ። ዙሮቹን እንደ ሸማ ክር አንድ ሳይሳሳ ደርድሮ ጫፉን በቫርኒሽ አተመልኝ።

መግጠም

በኮምፖርሳቶ ቁራጭ ላይ አምስቱ ዕቃዎች ተደረደሩ። ሁለቱ ኮይሎች አንዱ ተኝቶ አንዱ ቆሞ፣ የተራራቁ፣ ከዉፈሩ ማግኔትም ራቅ ያሉ ናቸው፤ ጎን ለጎን ቢተኙ የአንዱ መስክ በሌላው ውስጥ ያልፋል። የኤናሜሉ ሽቦ ጫፍ በምላጭ እስኪያበራ ካልተፋቀ ሊድ አይዘውም። ካፓሲተሮቹ ከባድ ስለሆኑ በሊዱ ብቻ ሊንጠለጠሉ አይገባም፤ በማሰሪያና በኮላ ተይዘዋል። ትዊተሩ እንደ ግራው ተገልብጦ ገባ።

መጀመሪያ ስናዳምጥ ሁለቱም ሳጥኖች እኩል ነበሩ፤ ግን የሴት ድምፅ ከፍ ሲል ሁለቱም ትንሽ ጠነከሩ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ፊልም ካፓሲተር የውስጥ ሬዚስታንሱ ከኤሌክትሮሊቲኩ በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ ለትዊተሩ ከበፊቱ ትንሽ የበለጠ ይደርሰዋል። 1 ኦሙን ሬዚስተር በ1.5 ኦም፣ ባለ 5 ዋት፣ በሁለቱም ሳጥን ቀየርን። ለውጡ ከ1 ዴሲቤል ያነሰ ነው፤ በቁጥር ትንሽ፣ በጆሮ ግን በቂ። አንዳንዶች ካፓሲተር በቀየሩ ቁጥር ድምፁ ተከፈተ ብለው ይደሰታሉ። የተከፈተው ትዊተሩ ከልኩ በላይ ስለጮኸ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ከዚያ ልኬቱ ተደገመ፤ ያው 2 ቮልት እየገባ፣ በትዊተሮቹ አፍ። በ1,000 ሄርዝ ሁለቱም 0.20 ቮልት። በ3,000 ግራው 1.50፣ ቀኙ 1.47። በ5,000 ግራው 1.61፣ ቀኙ 1.59። ርካሽ ቴስተር ከ1,000 ሄርዝ በላይ በኤሲ ሲለካ ቁጥሩን ራሱን ማመን ያስቸግራል፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ግራና ቀኝን በአንድ ቴስተር፣ በአንድ ድምፅ ማወዳደር ስለሆነ ስህተቱ ለሁለቱም እኩል ነው። ትዊተር ላይ ቶን ሲለቀቅ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጊዜውም አጭር ይሁን፤ የማያቋርጥ ቶን ከሙዚቃ ይልቅ ቶሎ ያሞቀዋል።

ጋሼ ግን ቁጥሩን ትተው ወንበራቸውን ከሁለቱ ሳጥኖች እኩል ርቀት ላይ አድርገው ተቀመጡ። አምፕሊፋየሩን ሞኖ ላይ አድርገን የሚያውቁትን የማሲንቆ ዜማ ለቀቅን። ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ወደ መሐል ጠቆሙ። «እዚያ ነው» አሉ።

ሁለቱም ቢጠፉ ኖሮ

ይህ ጉዳይ የተቃለለው ግራው ስለነበረ ነው። ሁለቱም ተነቅለው ተጥለው ቢሆን በቅድሚያ የዚያን ሞዴል የሰርቪስ ሥዕል እፈልግ ነበር፤ የታወቁ ፋብሪካዎች ብዙውን አትመውታል። ሥዕሉ ካልተገኘ ከቀመሩ ተነስቶ፣ የእያንዳንዱን ስፒከር ኦም በየፍሪኩዌንሲው ለክቶ፣ በማይክሮፎን እየፈተሹ ማረም ነው፤ ያ ረጅም ሥራ ነው፤ ግን ዉፈሩን 4 ኦም ሬዚስተር ነው ብሎ ከመገመት ይሻላል። ስለዚህ አሮጌ ክሮስኦቨር የቱንም ያህል የተቃጠለ ቢመስል አይጣል። ካፓሲተሩ ቢፈነዳ እንኳ የታተመበት ቁጥር አለ፤ ኮይሉም ይለካል። ቀኙን የጣለው ሰው ያንን ብቻ ቢያስቀምጥ ኖሮ ሥራው በግማሽ ባጠረ።

አንድ ያልተዘጋ ነገር አለ። የግራው የዉፈር ኮይል አሁንም የፋብሪካው ፌራይት ነው፤ የቀኙ ባዶ ነው። በጋሼ ሳሎን ድምፅ ልክ ልዩነት አላገኘሁም፤ በልኬትም በጆሮም። ለሠርግ ያህል ድምፅ ቢከፈት ግን ፌራይቱ ቀድሞ ሊሞላ ይችላል። የሁለተኛውን ኮይል ሽቦ፣ 21 ሜትሩን፣ አብሬ ገዝቼ ከጋሼ ዘንድ አስቀምጫለሁ፤ የአምስቱን ዕቃዎች ሥዕልና መጠን፣ የትዊተሩን መገልበጥ ጨምሮ፣ በሁለቱም ሳጥኖች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ግራው በከፍተኛ ድምፅ ሲላላ ከተሰማ 166 ዙሩ እዚያው ተጽፏል፤ ዲናሞ ጠቅላዩም መጠኑን ይዟል።